ዘ ናይት ኦፍ ዘ ሀንተርን ያየ አለ? ያኔ ለምን ጣሉት፣ አሁን ለምን አነሱት?

ቀሃ_ማዶ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ቅዳሜ ማታ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም አየን፣ እና እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነው እዚህ የመጣሁት። ዘ ናይት ኦፍ ዘ ሀንተር ይባላል፣ የአዳኙ ሌሊት በሉት። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ ነው፣ በኛ 1947 መጨረሻ 48 መጀመሪያ መሆኑ ነው፣ ጃንሆይ ለብር ኢዮቤልዩ ሽር ጉድ በሚሉበት ሰሞን። አንድ ጓደኛየ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሰጥቶኝ ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ነበር።

ላላያችሁት ባጭሩ (መጨረሻውን ስለምንነካካው ማየት የሚፈልግ ይዝለል)። አባትየው ባንክ ዘርፎ ሰው ገድሎ ይመጣና 10,000 ዶላሩን የትንሿ ልጁ አሻንጉሊት ሆድ ውስጥ ይከተዋል፣ ልጆቹን ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ ብሎ ያስምላቸውና ይያዛል፣ ይሰቀላል። እስር ቤት አብሮት የነበረ ሰባኪ ነኝ ባይ ብሩ ቤት እንዳለ ይጠረጥርና ሲፈታ መጥቶ ሚስትየዋን ያገባል። የቀኝ እጁ ጣቶች ላይ ፍቅር፣ የግራው ላይ ጥላቻ ብሎ ተነቅሷል። ከተማው ሁሉ ይወደዋል፣ ልጁ ጆን ብቻ ነው የነቃበት። እናትየዋን ይገድላታል፣ ልጆቹ በጀልባ ወንዝ ለወንዝ ይሸሻሉ፣ እሱ በፈረስ ይከተላል።

ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ሳቀ። "ኧረ ይሄ ቤት ካርቶን ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ ቤቱም ሰማዩም የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። እናቴ ግን ሰውየው ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው የጨረሰችው፣ ያውም እኔ እያቆምኩ እየተረጎምኩላት። በኋላ ሳነብ ደግሞ ያኔ ገበያም አጥቷል፣ ሃያሲውም ፊት ነስቶታል፣ ዳይሬክተሩ ቻርልስ ላውተን ከዛ ወዲያ ሁለተኛ ፊልም ዳይሬክት ሳያደርግ በ1962 ሞተ። ከዛ በ2008 ካዬ ዱ ሲኒማ የሚባለው የፈረንሳዮች መጽሔት 100 ፊልም ሲመርጥ ይሄን ሁለተኛ አደረገው። ሁለተኛ! እና ጥያቄዬ፣ የያኔዎቹ ዓይን አልነበራቸውም ወይስ የአሁኖቹ ናቸው የሚያጋንኑት? ምክንያቱም እኔ ራሴ ወድጄዋለሁ አልወደድኩትም ማለት አልቻልኩም፣ አንዱ ትዕይንት ያንቀጠቅጠኛል ቀጣዩ ደግሞ የትምህርት ቤት ድራማ ይመስለኛል።

አራዳ_ቪዲዮ፦

ፍላሹን ይዘህ ና እንጂ ወሬውን ተወው። እኛ ቪዲዮ ቤት በርበሬ በሚወቀጥበት ግቢ ውስጥ ጣውላ ላይ ተቀምጠን በ50 ሳንቲም ያደግን ልጆች ነን፣ ቢያንስ የአማርኛ ትርጉም ይኑረው።

ጥቁር_ነጭ፦

ቀሃ ማዶ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው። እኔ ሦስት ጊዜ አይቸዋለሁ፣ በመጀመሪያው እንደ ወንድምህ ሳቅሁ።

ሁሉም ጠላው የሚባለው ግን ትንሽ ተጋኗል። የኒውዮርክ ታይምሱ ቦስሊ ክራውዘር ለምሳሌ ሙከራውን ንቆ አልጣለውም፣ ቅር ያለው ወደ መጨረሻው ታሪኩ ጉልበቱን አጥቶ ይላላል ብሎ ነው። ችግሩ መሰለኝ ሰዉ ምን ዓይነት ፊልም ነው ብሎ እንደሚይዘው ግራ መጋባቱ ነው። ሰባኪው በጨለማ ምድር ቤት ልጆቹን ሲያሳድድ ልብ ይቆማል፣ ወዲያው ጣቱን በር ይይዘውና እንደ ካርቱን ይጮኻል። አስፈሪ ነው? አስቂኝ ነው? ተረት ነው? የ1955 ተመልካች ትኬት ሲቆርጥ አንዱን መርጦ ነው የሚገባው። ደግሞ ጊዜውን አስበው፣ ሆሊውድ ቴሌቪዥን ሰው እንዳይወስድበት በቀለምና በሰፊ ስክሪን እየተሟሟተ ባለበት ሰዓት ላውተን ጥቁርና ነጭ ይዞ መጣ። አከፋፋዩ ዩናይትድ አርቲስትስ በዛው ዓመት ሰባኪውን የሚሠራው ሮበርት ሚቸም ያለበት ሌላ ትልቅ ፊልም ስለነበረው ይሄኛው ብዙም የገፋው አልነበረም። ነፍሰ ገዳዩ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅስ ሰባኪ መሆኑንም ጨምርበት።

ካርቶን ይመስላል ያላችሁት ደግሞ ሳያውቁ የተሠራ አይደለም። ላውተን ከመቅረጹ በፊት ኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሄዶ የዲ ደብሊው ግሪፊዝን ድምፅ አልባ ፊልሞች እያስወጣ ያይ ነበር። በኋላ ልጆቹን የምታስጠጋቸውን አሮጊት ሬቸልን የምትሠራው ሊሊያን ጊሽ እኮ ራሷ የግሪፊዝ ዋና ተዋናይ ነበረች፣ ለዛ ነው እሷን የመረጠው። ካሜራማኑ ስታንሊ ኮርቴዝ ደግሞ በጥላ የሚጫወት ሰው ነው። ልጆቹ ጋጣው ውስጥ ተኝተው ሰባኪው አድማሱ ላይ በፈረስ ሲያልፍ አይታችኋል? እዛ ጋ ሚቸም የለም። ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ርቀቱ እንዲመስል ድንክ ሰው ድንክ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያልፈው። ወንዙ ሥር መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ጸጉሯ ከውሃው ሣር ጋር የሚወዛወዘው ሬሳም እናትየዋን የምትሠራው ሼሊ ዊንተርስ አይደለችም፣ በሰም የተሠራ ምስል ነው። ያን ትዕይንት ያየ ሰው አይረሳውም፣ ልብ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያማረው እሱ ነው፣ ግድያ መሆኑን ረስተህ ታየዋለህ፣ ከዛ ራስህን ትታዘባለህ።

ሌላ እኔን የሚገድለኝ ማታ ሬቸል ጠመንጃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ልጆቹን ስትጠብቅ ነው። እሱ ውጪ ጉቶ ላይ ተቀምጦ መዝሙሩን ይዘምራል፣ እሷ ደግሞ ከውስጥ ትቀበለዋለች፣ አዳኝና ጠባቂ አንድ መዝሙር አብረው! ከዛ አንዷ ልጅ ሻማ ይዛ ትመጣለች፣ ብርሃኑ መስኮቱ ላይ ሲያርፍ ውጪው መታየት ያቆማል፣ ሻማው ሲጠፋ ሰውየው የለም።

እንዴት ተነሳ ላልከው፣ ፍራንሷ ትሩፎ ገና ዳይሬክተር ሳይሆን ሃያሲ እያለ በ1956 ፓሪስ ሲታይ አሞግሶታል። ከዛ በቴሌቪዥን በሌሊት እየተላለፈ፣ ልጅ ሆነው ያዩት ሰዎች አድገው ዳይሬክተርና ጸሐፊ እየሆኑ ቀስ እያለ ነው የወጣው። በ1992 አሜሪካኖች ብሔራዊ የፊልም መዝገባቸው ውስጥ አስገቡት። ላውተን ግን ይሄን ሁሉ አላየም።

የሥላሴ_ጎረቤት፦

እኔ የፊልም ሰው አይደለሁም፣ ግን ይሄን ፊልም ልጄ አሳይቶኝ አንድ ነገር ስለያዝኩ ልበል።

ድሮ ቱሪስት አስጎበኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስታስገባቸው ሁሉም መጀመሪያ አንገታቸውን ቀና ነው የሚያደርጉት፣ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ኪሩቤል አካል የላቸውም፣ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ዓይናቸው ግን የትም ብትቆም ያይሃል። ያ ፊልም ሲጀምር ምንድን ነው የሚያሳየው? ከዋክብት ያለበት ሰማይ፣ መሀሉ ላይ የአሮጊቷ ፊት፣ ቀጥሎ የልጆች ፊት ብቻ፣ አካል የለም፣ ተንሳፍፈው። እሷም ከማቴዎስ ታነባለች፣ የበግ ለምድ ለብሰው ከሚመጡባችሁ ከሐሰተኞች ነቢያት ተጠንቀቁ የሚለውን። እኔ እንዴ ብየ ከወንበሬ ተነሣሁ፣ ይሄ የኛ ጣሪያ ነው አልኩ።

አንድ ጊዜ አንድ ፈረንጅ፣ ደህና የተማረ ሰው ነው፣ ግድግዳውን እያየ ለምንድን ነው እነዚህ ሰዎች አንድ ዓይን ያላቸው፣ ሰዓሊው ሁለቱን መሣል አቅቶት ነው ወይ አለኝ። አይ ጌታየ፣ ጻድቁ በሙሉ ፊቱ ሁለት ዓይን ይኖረዋል፣ ክፉው በጎን ተስሎ በአንድ ዓይን ነው የሚቀረው፣ ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ገብቶ ማን ማን እንደሆነ እንዲለይ ነው አልኩት። ሳቀና ፎቶ አነሣ። እነዛ ሃያሲዎችም እንደሱ ናቸው ባይ ነኝ። እውነተኛ ቤት፣ እውነተኛ ወንዝ ፈለጉ። ፊልሙ ግን የተሣለው ልጅ እንደሚያየው ነው። ጀልባዋ ስትሄድ ከፊት የሸረሪት ድር፣ እንቁራሪት፣ ጥንቸል እየገዘፈ የሚታየው ለምን መሰላችሁ፣ አምስት ዓመት ልጅ በፍርሃት ሲሸሽ የሚያየው እሱን ነው እኮ፣ ካርታ አይደለም የሚያየው።

የእናትየዋ መኝታ ቤትም ጣሪያው እንደ ቤተ መቅደስ ሾጥጦ ነው የተሠራው፣ ሊያርዳት የቆመበት ቦታ መሆኑ ነው። ቅዱስ ነገር ውስጥ ርኩሰት። ይሄን ለማሳየት ጡብና ሲሚንቶ አያስፈልገውም።

ፒያሳ_ልጅ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ከክራውዘር ጋር ነኝ። ግማሹ ድረስ እጅግ በጣም ጥሩ ፊልም ነው፣ ልጆቹ አሮጊቷ ቤት ከደረሱ በኋላ ግን ጥርሱ ወለቀ። ያን ያህል ያስፈራን ሰውየ በጠመንጃ ስትመታው እንደ ተመታ ውሻ እየጮኸ ጋጣ ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ይወስደዋል፣ አለቀ። ከዛ አሮጊቷ ልጆች ይታገሣሉ ይጸናሉ እያለች ትሰብከናለች። ስብከት ብፈልግ እሁድ እሄዳለሁ። ትንሿ ልጅ ፐርልም ትወና የሚባል ነገር የላትም፣ ቃሏን እንደ ግጥም ትደግመዋለች። የድሮ ነገር ሲሆን ጉድለቱን ሁሉ ሆን ብሎ ነው ማለት ፋሽን ሆኗል፣ እኛ ሰፈር ቤቱ ጠሞ ሲሠራ ዲዛይን ነው እንደሚለው ግንበኛ።

ደግሞ ሰምቻለሁ ላውተን ልጆች ስለማይወድ እነሱን ሚቸም ነው ያሠራቸው፣ ስክሪፕቱን የጻፈው ጄምስ ኤጂም ሰካራም ስለነበር የጻፈው ሁሉ ተጥሎ ላውተን እንደ አዲስ ነው የጻፈው ይባላል። እንዲህ ተዝረክርኮ የተሠራ ነገር ግማሹ ቢላላ ምን ይገርማል?

ጥቁር_ነጭ፦

ስለ ሁለተኛው ግማሽ መከራከር ይቻላል፣ ወሬው ግን ሁለቱም አይሆንም ወንድሜ። ላውተን ቀረጻ ላይ ካሜራውን ሳያጠፋ ነበር ደጋግሞ የሚያሠራው፣ የተረፈውን ፊልም ባለቤቱ ኤልሳ ላንቸስተር አስቀምጣው ኖራ ሰጠች፣ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የፊልም መዝገብ ቤት ሰዎች ዓመታት ፈጅተው አደራጅተው አወጡት። እዛ ላይ ላውተን ራሱ ከካሜራ ጀርባ ሆኖ ለልጆቹ በትዕግሥት ቃል በቃል ሲያስጠናቸው ይሰማል። ፐርል እንደ ግጥም ትደግማለች ያልከው እንግዲህ እሱ የፈለገው ነው፣ ትወደውም አትወደውም ያንተ ነው። የኤጂ ረቂቅም በኋላ ተገኝቷል፣ በጣም ረጅም ነው እንጂ የፊልሙ አጥንት እዛው አለ። ኤጂ ደግሞ ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ወር ሲቀረው ነው የሞተው፣ ስለዚህ ስለ ራሱ የሚመልስበት ዕድል አላገኘም።

ፒያሳ_ልጅ፦

እሺ ልጆቹ ላይ ተሸነፍኩ። መጨረሻው ላይ አልተሸነፍኩም።

የአዘዞዋ፦

ፒያሳ ልጅ መጨረሻው ላላ ያልከውን እኔ እንደዛ አላየሁትም፣ ግን ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከራሴ ልጀምር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለሁ ፍልሰታ ሰሞን አንድ ባህታዊ ነኝ ያለ ሰውየ ሰፈራችን መጣ። ቢጫ ልብስ፣ መቋሚያ፣ ትልቅ የእንጨት መስቀል፣ ድምፁ ደግሞ ማር ነው። እናቴ ከአባቴ ሞት በኋላ ሐዘን ላይ ነበረችና ጓዳችንን ለቀቀችለት። ሰፈሩ በሙሉ ጸበል እያመጣ ያስባርካል። እኔ አንድ ጠዋት ከቤቱ ኋላ እንጨት ላመጣ ስሄድ አመዱ ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት አየሁ። ፍልሰታ ነው እኮ! እኛ ልጆቹ እንኳ እስከ ስድስት ሰዓት የምንጾም። ሁለት ቅርፊት፣ አንዱ ላይ አስኳሉ ደርቆ ተለጥፏል፣ ዛሬም ይታየኛል። ሄጄ ለእናቴ ስነግራት በኩርኩም አለችኝና ሁለተኛ የእግዚአብሔርን ሰው ብትሰድቢ አለች። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ምንም አላለኝም፣ ፈገግ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ከዛ በኋላ ሌሊት ሌሊት ሲያዜም እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው የማድር። አያቴ የምትነግረን ተረት ነበር፣ አያ ጅቦ የእናትየዋን ድምፅ አስመስሎ ልጆቼ ክፈቱልኝ የሚልበት፣ ያ ነበር የሚመጣብኝ። ለፍልሰታ ፍች ዋዜማ ሄደ፣ የእናቴ የወርቅ ጉትቻ ይባረክ ተብሎ ተሰጥቶት ስለነበር አብሮ ሄደ።

ይሄ ፊልም ላይ ሻማ ስለሚባለው፣ ድንክ ፈረስ ስለሚባለው አላውቅም። ጆን እናቱ ፊት ቆሞ ማንም የማያምነው ሲሆን ያን ፊቱን ግን አውቀዋለሁ። ያኔ የጻፉት ሃያሲዎች ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ናቸው እኮ፣ ፊልሙ ደግሞ ትልልቅ ሰዎችን ነው የሚከስሰው፣ ዳር እስከ ዳር። እናትየዋ አታምነውም፣ ጎረቤቷ ሴትዮ ለሰባኪው አማላጅ ሆና ታጋባዋለች፣ ያ ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ሬሳውን አይቶ ፈርቶ ዝም ይላል፣ ልጆቹ ሸሽተው ሲደርሱበትም ሰክሮ ተኝቷል።

አሁን መጨረሻው። ፖሊሶቹ ሰባኪውን መሬት ላይ ጥለው ሲያስሩት ጆን ምን አደረገ? አልተደሰተም። አባቱን የያዙት ልክ እንደዛ ነበር፣ ያው አስተኝተው እጁን ወደ ኋላ አድርገው። ልጁ አሻንጉሊቷን ይዞ ሮጠና ሰውየውን እየመታ ውሰደው፣ አልፈልገውም፣ በጣም ከበደኝ እያለ ያለቅሳል፣ ብሩ ከሆዷ እየወጣ ይበተናል። ሲሸሽ የኖረው ለዛ ብር ነው፣ እናቱ የሞተችው ለዛ ብር ነው። ፍርድ ቤት ላይም ይሄ ነው ወይ የገደላት ሲሉት ቀና ብሎ ማየት እንኳ አልቻለም። ይሄ ላላ ይባላል? እኔ ሰውየው ቢመለስ ኖሮ ጉትቻውን ስጠን የምል ይመስለኛል? አልጋ ሥር ነበር የምገባው። እና ደግሞ ሰባኪውን እናምነዋለን ያሉት ጎረቤቶች መጨረሻ ላይ መጥረቢያ ይዘው ሊሰቅሉት ሲወጡ አይታችኋል፣ እናቴን እመኚ ያሏት ሴቶች በኋላ እኛ ድሮም ጠርጥረን ነበር እንዳሉት።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ስለ ቅርፊቱ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

አራዳ_ቪዲዮ፦

እህቴ የኔ ሐሳብ ፍላሹ ላይ ነበር፣ አሁን ፊልሙን ለማየትም ፈራሁ።

ፒያሳ_ልጅ፦

የአዘዞዋ፣ ያን የአሻንጉሊቱን ቦታ ስልኬን እያየሁ ነበር መሰለኝ ያሳለፍኩት። ዛሬ ማታ ከዛ ጀምሬ አየዋለሁ። የአሮጊቷን ስብከት ግን አሁንም አልቀበልም።

ቀሃ_ማዶ፦

እጅ ነሥቻለሁ ለሁላችሁም፣ የአዘዞዋ በተለይ። አንቺ የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ቆየችና "ልጅቷ እውነቷን ነው፣ እኛ እኮ አንሰማም" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ማታ ከወንድሜ ጋር እንደገና ከፈትነው። የጋጣውን ቦታ ስንደርስ ድንክ ፈረስ ነው ብየ ነገርኩት፣ ሳይነገረው ቢሆን ይሻል ነበር መሰለኝ፣ መልሶ መልሶ አራት ጊዜ አየው። "አሁን ካርቶን መሆኑን አውቄም ያስፈራኛል፣ ለምንድን ነው?" አለኝ። ጋሼ የሥላሴ ጎረቤት ስለ ጣሪያው ያሉትን ነገርኩትና እሁድ አብረን እንሄዳለን ተባብለናል፣ እኔ ራሴ ከገባሁ ስንት ዓመቴ።

ከዛ ሬቸል ጠመንጃዋን ይዛ የተቀመጠችበት ጋ ስንደርስ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ነው፣ ድርግም። እናቴ ከጓዳ ሻማ ለኩሳ ይዛ ስትመጣ ወንድሜ መስኮቱን አየና "ኧረ እማየ አጥፊው አጥፊው፣ ውጪ ማን እንዳለ አይታይም!" ብሎ ጮኸ። እሷ ምን እንደሚል አልገባትም፣ ግን አጠፋችው።